የሞዴል ፋይል ስንከፍት የሌላ ሰው ኮድ እንዳይሠራብን፦ የፓይቶርች ተጋላጭነት እንዴት ይፈተሻል፣ እንዴትስ ይዘጋል?

ፓይቶርች በተባለው የሰው ሠራሽ ልህቀት ሞዴሎች መሥሪያ ላይብረሪ የሚሠራ ሰው ከኢንተርኔት ያወረደውን ሞዴል የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ነው፤ «ቶርች.ሎድ» ብሎ የፋይሉን ስም ይሰጣል፣ ሞዴሉም ሥራ ይጀምራል። ይህች ፋንክሽን ቁጥሮችን ከዲስክ ወደ ሜሞሪ ከማሻገር ያለፈ ነገር የማትሠራ ስለምትመስል፣ ፋይሉ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእርግጥ የምትሠራው ግን ፋይሉ ውስጥ የተጻፉትን ትዕዛዞች በቅደም ተከተል መፈጸም ነው፤ ትዕዛዞቹን የጻፈው ሰው ክፉ አሳቢ ከሆነም፣ ፋይሉ በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ፣ በከፈተው ሰው ሥልጣን፣ የፈለገውን ሊያስፈጽም ይችላል።

ለዚህ አደጋ የተበጀው መከላከያ «ዌይትስ_ኦንሊ» የተባለው አርጉመንት ነበር። እሴቱ «ትሩ» ሲሆን የሞዴሉን ቁጥሮች ከሚይዙት ቴንሰሮችና ከጥቂት ቀላል የመረጃ ዓይነቶች በስተቀር ሌላ ነገር ከፋይሉ እንዳይገነባ ይከለክላል፤ ስለዚህም ካልታወቀ ምንጭ የመጣን ፋይል ለመክፈት አስተማማኝ መንገድ ተደርጎ ይመከር ነበር። በኤፕሪል 2025 ይፋ የሆነው፣ ሲቪኢ-2025-32434 በሚል መለያ የተመዘገበው ተጋላጭነት ግን ይህ መከላከያ እስከ ቨርዥን 2.5.1 ድረስ ባሉት ስሪቶች ላይ ሊታለፍ እንደሚችል አሳየ፤ አርጉመንቱ «ትሩ» ተደርጎም ቢሆን ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ፋይል ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። የአደጋው ደረጃ ከ10 9.3 ሲሰጠው፣ ማስተካከያው የገባው በ2.6.0 ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ የትዕዛዞቹና የፋንክሽኖቹ ስሞችም በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚተየቡት ግን እንደተለመደው በላቲን ፊደል ነው።)

ከዚህ በታች ያለው፣ በእጃችን ባለ ፕሮጀክት ውስጥ ይህንን ተጋላጭነት እንዴት ፈልገን እንደምናገኘው፣ እንዴት እንደምንዘጋውና ተመልሶ እንዳይከፈት ምን ማድረግ እንዳለብን የሚያሳይ መመሪያ ነው። ቨርዥን ማዘመን የሥራው መጀመሪያ እንጂ ሙሉው ሥራ አለመሆኑን ግን ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል፤ ችግሩ የሚመነጨው ከአንድ የተሳሳተ መስመር ሳይሆን ከፋይሉ አሠራር ራሱ ነውና።

ችግሩ ከየት ይመነጫል?

የፓይቶርች ፋይሎች ከውስጥ የሚያዙት ፒክል በሚባለው የፓይተን አሠራር ነው። ፒክል የፓይተን ኦብጀክቶችን ወደ ባይት ቀይሮ ለማስቀመጥና መልሶ ለመገንባት የተዘጋጀ ነው፤ ፋይሉ ግን የተገነባውን ነገር ሳይሆን የአገነባቡን መመሪያ የያዘ ነው። መመሪያው በአጫጭር ትዕዛዞች የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ፓይተንም ፋይሉን ሲያነብ እነዚያን ትዕዛዞች ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ይፈጽማል። ከትዕዛዞቹ መካከል ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። «ግሎባል» የተባለው፣ የአንድን ሞጁልና በውስጡ ያለን ፋንክሽን ወይም ክላስ ስም ወስዶ ከኮምፒውተሩ ላይ ያመጣል። «ሪዲዩስ» የተባለው ደግሞ የመጣውን ፋንክሽን ከፋይሉ በተሰጠው አርጉመንት ይጠራዋል። ማንኛውንም ፋንክሽን በስሙ ማምጣትና በፈለጉት አርጉመንት መጥራት ከተቻለ፣ ለአጥቂ የሚቀረው ነገር የለም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት እጅግ ትንሽ የሆነ ጎጂ ፋይል እንመልከት። አጥቂው አንድ ክላስ ይጽፍና «ሪዲዩስ» በሚባለው፣ ግራና ቀኙ በድርብ የታች ሰረዝ በታጠረው ሜተዱ ውስጥ፣ «እኔን ለመገንባት ኦኤስ.ሲስተም የሚባለውን ፋንክሽን በዚህ ጽሑፍ ጥሩ» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ፒክል አድርጎ ያስቀምጠዋል። የተቀመጠው ፋይል ከመቶ ባይት ያነሰ ሊሆን ይችላል። «ፒክልቱልስ» በተባለው መሣሪያ ገልጠን ስናየው አንድ ግሎባል፣ አንድ የጽሑፍ እሴት፣ አንድ ሪዲዩስና የመጨረሻው «ስቶፕ» ትዕዛዝ ይታያሉ፤ ሌላ ብዙ ነገር የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ ፈታሾችን የሚያዘናጋ ነገር አለ፦ ፋይሉ የተዘጋጀው ሊነክስ ላይ ከሆነ የሚታየው የሞጁል ስም «ኦኤስ» ሳይሆን «ፖዚክስ» ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ደግሞ «ኤንቲ» ነው። ፋንክሽኑ በትክክል የሚኖረው በእነዚህ ሞጁሎች ውስጥ በመሆኑ ፒክል የሚጽፈው እውነተኛ አድራሻውን ነው። ስለዚህ «ኦኤስ» የሚለውን ቃል ብቻ እየፈለገ ፋይል የሚፈትሽ ሰው ከዓይኑ ሥር ያለውን ያልፈዋል።

የፓይተን ይፋዊ መመሪያም ቢሆን ፒክል አስተማማኝ እንዳልሆነና የሚያምኑትን መረጃ ብቻ በእሱ መክፈት እንደሚገባ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው፤ የሞዴል ፋይሎች እንደ ሥዕልና እንደ ሰነድ ከማያውቁት ሰው እጅ ወደ እጅ መተላለፍ ሲጀምሩ ግን የሚያስታውሰው ታጣ።

መጀመሪያ የትኛው ቨርዥን እየሠራ እንደሆነ ማረጋገጥ

ተርሚናል ላይ «ፒፕ ሾው ቶርች» ማለት ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ነገር ግን «ፒፕ» የሌላ የፓይተን አካባቢ ንብረት ሆኖ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ፣ ፕሮግራሙ በሚሠራበት በራሱ ፓይተን ውስጥ ቶርችን አስገብቶ የቨርዥን እሴቱን ማሳተም ይሻላል። መልሱ «2.5.1» ከዚያም የመደመር ምልክትና «ሲዩ» የሚል ተቀጥላ ይዞ ቢመጣ፣ ተቀጥላው የጂፒዩውን የኩዳ ስሪት የሚያመለክት ብቻ ነው፤ የሚመለከተን ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከ2.6.0 በታች ከሆነ አካባቢው ተጋላጭ ነው።

ፍተሻው በራስ ላፕቶፕ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። አገልግሎት የሚሰጠው ሰርቨር፣ የኮንቴነር ኢሜጆች፣ የሥልጠና ማሽኖች፣ ኮዱን በራሱ የሚፈትሸው የሲአይ ሥርዓትና በየኖትቡኩ የተረሱት አካባቢዎች ሁሉ መታየት አለባቸው። በተለይ በጥገኛ ፓኬጆች ዝርዝር ፋይል ውስጥ ቁጥሩ በሁለት እኩል ምልክት ተቆልፎ ከሆነ፣ ማንም ሰው አዲስ አካባቢ ባዘጋጀ ቁጥር አሮጌው ስሪት ተመልሶ ይመጣል። «ፒፕ-ኦዲት» የተባለው መሣሪያ ዝርዝሩን ከታወቁ ተጋላጭነቶች መዝገብ ጋር እያመሳከረ ስለሚናገር፣ ብዙ ፕሮጀክት ላለው ሰው ድካሙን ያቀልለታል።

ማዘመኑ ራሱ በ«ፒፕ ኢንስቶል» እና በ«አፕግሬድ» አማራጭ የሚያልቅ ቢመስልም ሁለት ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው የፓይተን ዕድሜ ነው፤ ፓይቶርች ከ2.5 ጀምሮ ፓይተን 3.8ን ስለማይደግፍ፣ በዚያ ፓይተን ላይ ያለ ሰው ቢያዘምንም ፒፕ 2.4.1 ላይ ይቆምና የመጨረሻው ስሪት ላይ እንደደረሰ አስመስሎ ያልፋል፤ የስህተት መልእክት ስለማይሰጥም ሰውየው ሥራውን እንደጨረሰ ያስባል። ሁለተኛው የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው የማክ ኮምፒውተሮች ጉዳይ ነው፤ ለእነሱ የተዘጋጀ የፓይቶርች ፓኬጅ ከ2.2 በኋላ መውጣቱን አቁሟል፣ ስለዚህ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ማዘመን መፍትሔ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ያለ ሰው ያለው አማራጭ የሌላ ሰው የፒክል ፋይል ከነአካቴው አለመክፈትና ከዚህ በታች የሚገለጸውን ሴፍቴንሰርስ የተባለ የፋይል ዓይነት መጠቀም ነው።

ዝግጁ ሞዴሎችን የሚጭነው የትራንስፎርመርስ ላይብረሪ ተጠቃሚዎች አዳዲስ ስሪቶች ላይ የሚገጥማቸው፣ ቶርችን ቢያንስ ወደ 2.6 ያሳድጉ የሚል የስህተት መልእክት የመጣውም በዚሁ ተጋላጭነት ምክንያት ነው። መልእክቱ ራሱ ሴፍቴንሰርስ ፋይል ለሚጭን ሰው ገደቡ እንደማይሠራ ይናገራል። መልእክቱን ለማለፍ ትራንስፎርመርስን ወደ አሮጌ ስሪት መመለስ በየቦታው የሚሰጥ ምክር ቢሆንም፣ የጢስ ደወል ጮኸ ብሎ ባትሪውን ከመንቀል አይሻልም።

የሚከፈቱ ፋይሎችን ዱካ መከተል

ቀጣዩ ሥራ ኮዱ ውስጥ ፋይል የሚጫንባቸውን ቦታዎች መፈለግ ነው። «ግሬፕ» በተባለው ትዕዛዝ መላ ፎልደሩን በመፈለግ «ቶርች.ሎድ» የተጻፈባቸውን መስመሮች ማውጣት ቀላል ነው፤ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። «ፒክል.ሎድ»፣ «ጆብሊብ.ሎድ»፣ የፓንዳስ «ሪድ_ፒክል»፣ እንዲሁም «ዲል» እና «ክላውድፒክል» የሚሉት ሁሉ በአንድ በር የሚገቡ ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ «ዌይትስ_ኦንሊ»ን የመሰለ መከላከያ ጭራሽ የላቸውም። «ባንዲት» የተባለው የኮድ ፈታሽም ከእነዚህ ጥሪዎች ብዙዎቹን ለይቶ ያሳያል።

ከእነዚህ የበለጠ የሚያስቸግረው በቀጥታ የማይታየው ጥሪ ነው። የእኛ ኮድ ውስጥ «ቶርች.ሎድ» የሚል ቃል ባይኖርም፣ የትራንስፎርመርስን «ፍሮም_ፕሪትሬይንድ» ወይም ላይትኒንግ የተባለውን ላይብረሪ «ሎድ_ፍሮም_ቼክፖይንት» ስንጠራ እነሱ በውስጣቸው ሊጠሩት ይችላሉ። ስለዚህ ከጥሪው ይልቅ ከፋይሉ ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፦ ፕሮጀክቱ የሚያነባቸውን የ«ፒቲ»፣ የ«ፒቲኤች»፣ የ«ሲኬፒቲ»፣ የ«ቢን» እና የ«ፒኬኤል» ቅጥያ ያላቸውን ፋይሎች ዘርዝሮ እያንዳንዱን ማን እንደሚከፍተው መጠየቅ ነው። ቅጥያው ራሱ ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ ግን መታወስ አለበት፤ የፋይል ስም መቀየር ይዘቱን አይቀይርም።

ለእያንዳንዱ ጥሪ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ እዚህ ቦታ የሚደርሰውን ፋይል ማን ሊጽፈው ይችላል? ፋይሉን ያው ፕሮግራም ራሱ፣ በዚያው ማሽን ላይ፣ ሌላ ሰው ሊጽፍበት በማይችል ፎልደር ውስጥ ከጻፈው አደጋው ትንሽ ነው። ተጠቃሚዎች ሞዴላቸውን እንዲሰቅሉ የሚፈቅድ አገልግሎት ከሆነ ግን ጥሪው ለማንም የተከፈተ ተርሚናል ነውና ሌላ ሥራ ሁሉ ቆሞ መጀመሪያ እሱ መዘጋት አለበት። በመካከል ያለው፣ ሰዎች «የራሳችን ነው» የሚሉት የጋራ ማከማቻ፣ በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ነው። እዚያ ማከማቻ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያለው አንድ ቁልፍ ቢሰረቅ፣ አጥቂው የሚያስፈልገው አንድ ቼክፖይንት (በሥልጠና መካከል የተቀመጠ የሞዴል ፋይል) መተካት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሥልጠና ማሽኖቹ ራሳቸው እየከፈቱ ያስተናግዱታል።

ከማዘመን በኋላ የሚመጣው ስህተትና የሚያሳስተው መፍትሔ

ከ2.6 ጀምሮ የ«ዌይትስ_ኦንሊ» ነባሪ እሴት ከ«ፎልስ» ወደ «ትሩ» ተቀይሯል። በዚህም ምክንያት ትናንት ይሠራ የነበረ ኮድ ዛሬ «አንፒክሊንግ ኤረር» ብሎ ሊቆም ይችላል። የስህተቱ መልእክት ረጅም ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ያልተፈቀደ ስም መገኘቱን ይገልጽና፣ አርጉመንቱን «ፎልስ» ማድረግ ፋይሉን ሊከፍተው እንደሚችል፣ ይህ ግን ኮድ እስከማስኬድ የሚያደርስ በመሆኑ ምንጩን ለሚያምኑት ፋይል ብቻ መደረግ እንዳለበት ይናገራል። የሚያሳዝነው፣ የተቸኮለ ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። «ፎልስ» ተብሎ የተጻፈ ኮድ ደግሞ ስሪቱ 2.6 ቢሆንም ሆነ ከዚያ ቢበልጥ ያለ ምንም መከላከያ ነው የሚሠራው።

ትክክለኛው መንገድ የተከለከለው ስም ምን እንደሆነ ማንበብ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ጉዳት የሌላቸው ነገሮች ናቸው፤ ለምሳሌ የሥልጠናው ቅንብር የተቀመጠበት «አርግፓርስ.ኔምስፔስ»፣ ወይም አማካይ ስህተቱ እንደ ተራ ቁጥር ሳይቀየር በመቀመጡ የገባ የነምፓይ «ስኬለር»። እንዲህ ያለውን ስም በ«አድ_ሴፍ_ግሎባልስ» አማካይነት በስሙ መፍቀድ ይቻላል፤ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ያልተፈቀዱ ስሞች በሙሉ አስቀድሞ ለማየት ደግሞ «ጌት_አንሴፍ_ግሎባልስ_ኢን_ቼክፖይንት» የተባለው ፋንክሽን ፋይሉን ሳይፈጽም ዝርዝሩን ያወጣል። የሚፈቀደው ስም ምን እንደሚሠራ በደንብ የሚታወቅ ብቻ መሆን አለበት፤ ስህተቱ እስኪጠፋ ድረስ የተጠየቀውን ሁሉ መፍቀድ መከላከያውን በገዛ እጅ አንድ በአንድ ማፍረስ ነው። ፋይሉን የምንጽፈው እኛ ከሆንን ግን ከሁሉ የሚሻለው አስቀማጩን ማስተካከል ነው፦ ሙሉውን የሞዴል ኦብጀክት ሳይሆን የሞዴሉን የተማሩ ቁጥሮች (ክብደቶች) የያዘውን «ስቴት_ዲክት» ብቻ ማስቀመጥ፣ ቅንብሩን ለብቻው በጄሰን መጻፍ፣ የነምፓይ ቁጥሮችንም ወደ ተራ የፓይተን ቁጥር መቀየር።

ነባሪው እሴት ተቀይሯል ብሎ አርጉመንቱን ሳይጽፉ መተው አይመከርም። ኮዱ ነገ አሮጌ ስሪት ባለው ማሽን ላይ ቢሠራ ነባሪው «ፎልስ» ነው። ከዚህም ሌላ «ቶርች_ፎርስ_ኖ_ዌይትስ_ኦንሊ_ሎድ» የሚባል የአካባቢ ተለዋዋጭ አለ፤ እሴቱ 1 ሲሆን አርጉመንቱ በግልጽ ያልተጻፈባቸውን ጥሪዎች ሁሉ ወደ «ፎልስ» ይመልሳል። አንድ ሰው ለጊዜው ችግሩን ለማለፍ በኮንቴነር ማዘጋጃ ፋይል ውስጥ ጽፎት የረሳው ሊሆን ስለሚችል ይህንንም በግሬፕ መፈለግ ይገባል። በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ «ዌይትስ_ኦንሊ=ትሩ» ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ይደፍናል።

ወደ ሴፍቴንሰርስ መሸጋገር

ሴፍቴንሰርስ ሞዴሎች በሚታተሙበትና በሚወርዱበት በሃጊንግ ፌስ የተዘጋጀ የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ ጥንካሬው ያለው ቀላልነቱ ላይ ነው። የፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች ቀጥሎ ያለው ራስጌ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚናገር ቁጥር ናቸው፤ ራስጌው የእያንዳንዱን ቴንሰር ስም፣ የቁጥር ዓይነት፣ ቅርፅና ፋይሉ ውስጥ የሚገኝበትን ቦታ የያዘ ጄሰን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የቴንሰሮቹ ጥሬ ባይት ነው። ፋንክሽን የሚያመጣም ሆነ የሚጠራ ትዕዛዝ ስለሌለው፣ አጥቂ ኮዱን የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም። የሚፈለገው ሞዴል ሁለቱም ዓይነት ፋይል ካለው ሴፍቴንሰርሱን መውሰድ፣ በትራንስፎርመርስም «ዩዝ_ሴፍቴንሰርስ»ን «ትሩ» አድርጎ ሌላው በምትኩ እንዳይመጣ መከልከል ይገባል።

የራስን አሮጌ ፋይል ለመቀየር «ስቴት_ዲክት»ን አንብቦ በ«ሴቭ_ፋይል» መጻፍ ይበቃል። ሁለት ቴንሰሮች አንድ ሜሞሪ የሚጋሩበት ሞዴል ላይ፣ ለምሳሌ የመግቢያውና የመውጫው የቃላት ሰንጠረዥ አንድ በሆነበት የቋንቋ ሞዴል ላይ፣ «ሴቭ_ፋይል» ስህተት ይሰጣል፤ እንዲህ ያለውን «ሴቭ_ሞዴል» የተባለው ፋንክሽን ያስተናግደዋል። የኦፕቲማይዘር ሁኔታና ሌላ ውስብስብ መረጃ ያለበት የሥልጠና ቼክፖይንት በሴፍቴንሰርስ በቀላሉ ስለማይያዝ፣ እሱን በፓይቶርች ፋይልነቱ፣ ከራስ ማሽን ሳይወጣ ማቆየትና ለሌላ ሰው የሚሰጠውን ክብደት ብቻ መቀየር ተገቢ ነው።

የሌላ ሰው ፋይል መቀየር ካስፈለገ ግን መቀየሩ ራሱ ፋይሉን መክፈትን ይጠይቃልና በተገለለ ቦታ መሠራት አለበት። በዶከር ከሆነ ኔትወርኩን በ«ነን» መዝጋት፣ ምንጩን ፎልደር ለንባብ ብቻ ማያያዝ፣ ውጤቱ የሚጻፍበትን አንድ ባዶ ፎልደር ብቻ መስጠት፣ በሩት ተጠቃሚነት አለማስኬድ፣ የመነሻ ፎልደሩንና በውስጡ ያሉትን ቁልፎች ጭራሽ አለማያያዝ ያስፈልጋል። ኮንቴነር ከዋናው ማሽን ጋር አንድ ከርነል ስለሚጋራ፣ በግልጽ የሚያጠራጥር ፋይል ከሆነ ተሠርቶበት የሚጣል ቨርችዋል ማሽን ይመረጣል።

ሳይከፍቱ ማየት

ከ1.6 ጀምሮ ፓይቶርች የሚጽፋቸው ፋይሎች በነባሪ የዚፕ ማህደሮች ናቸው። ስለዚህ በማንኛውም ዚፕ መፍቻ ተዘርግፈው ሊታዩ ይችላሉ፤ ውስጣቸውም «ዳታ.ፒኬኤል» የሚባለው የፒክል ፋይልና ጥሬ ቁጥሮቹ ያሉበት «ዳታ» ፎልደር ይገኛሉ። «ፓይተን -ኤም ፒክልቱልስ» ብለን የፒክሉን ፋይል ስም ስንሰጥ ትዕዛዞቹን ሳይፈጽም ይዘረዝራቸዋል። ጤነኛ ፋይል ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩት «ኮሌክሽንስ ኦርደርድዲክት»፣ «ሪቢልድ_ቴንሰር_ቪ2» እና እንደ «ፍሎትስቶሬጅ» ያሉ የማከማቻ ዓይነቶች ናቸው። «ፖዚክስ»፣ «ኤንቲ»፣ «ሰብፕሮሰስ»፣ ወይም ከ«ቢልትኢንስ» ውስጥ «ኢቫል» እና «ኤግዜክ» ካሉ ፋይሉን የሚከፍትበት ምክንያት ያለው ሰው አይኖርም።

ይህንኑ በራሳቸው የሚሠሩ እንደ ፒክልስካን ያሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ጠቃሚዎችም ናቸው፤ ነገር ግን «ችግር አልተገኘም» ማለታቸውን እንደ ፈቃድ መቁጠር አይገባም። የደህንነት ድርጅቱ ሪቨርሲንግላብስ በፌብሩዋሪ 2025 ሃጊንግ ፌስ ላይ አግኝቶ ይፋ ያደረጋቸው ጎጂ ሞዴሎች ይህንን በሚገባ ያሳያሉ። ሞዴሎቹ የታመቁት በተለመደው ዚፕ ሳይሆን በሰቨንዚፕ ነበር፤ የፒክሉም ጅረት ጎጂው ትዕዛዝ ካለበት ቦታ በኋላ ሆን ተብሎ የተሰበረ ነበር። ፈታሹ የተበላሸ ፋይል አገኘሁ ብሎ ሲያቆም፣ ፒክል ግን ትዕዛዞቹን በቅደም ተከተል ስለሚፈጽም ስብራቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ጉዳቱ ደርሷል። «ፋይሉ ተበላሽቶ አልከፈት አለኝ» የሚል ሰው እንግዲህ ምንም እንዳልደረሰበት እርግጠኛ መሆን አይችልም።

ሻ256 የተባለውን የሃሽ ቁጥር ማመሳከርም የራሱ ልክ አለው። ፋይሉ ከታተመበት ጊዜ በኋላ አለመለወጡን ያረጋግጣል፤ አሳታሚው ራሱ ክፉ ከሆነ ግን የክፉውን ፋይል ትክክለኛነት ነው የሚመሰክረው። ሞዴል ሲወርድ ዋናውን ቅርንጫፍ ከመከተል ይልቅ የተፈተሸውን ኮሚት በ«ሪቪዥን» አርጉመንት መቆለፍ ነገ የሚተካ ፋይል ሳያስታውቅ እንዳይገባ ያደርጋል። «ትረስት_ሪሞት_ኮድ»ን «ትሩ» ማድረግ ግን ሴፍቴንሰርስ እየተጠቀሙም ቢሆን ከሞዴሉ ጋር የመጣ የፓይተን ፋይል እንዲሠራ መፍቀድ ነውና፣ ኮዱ ሳይነበብ አይደረግም።

በሌሎች ላይብረሪዎች

ተመሳሳይ ችግር በሌሎችም ዘንድ ታይቷል፤ አንድ ፕሮጀክት ሲፈተሽ አብረው ቢታዩ ጊዜ ይቆጥባል። የቅንብር ፋይሎችን የሚያነበው ፓይያምል ላይ «ያምል.ሎድ» የፓይተን ኦብጀክቶችን የሚገነቡ መለያዎችን ይቀበል ስለነበር፣ ከውጭ የመጣ ቅንብር ሁልጊዜ በ«ሴፍ_ሎድ» መነበብ አለበት፤ መካከለኛ ተደርጎ የቀረበው «ፉልሎደር»ም በ2020 በተመዘገቡ ተጋላጭነቶች ሁለት ጊዜ ተጠግኗል፣ ሁለተኛው ጥገና የገባው በ5.4 ነው። ነምፓይ ከ1.16.3 ጀምሮ «አላው_ፒክል»ን በነባሪ ዘግቶታል፤ ኮዱ ውስጥ «ትሩ» ተብሎ የተከፈተበት ቦታ ካለ ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። ኬራስ ላይ ላምዳ የተባለው ሌየር የፓይተን ኮድ ይዞ ስለሚቀመጥ «ሴፍ_ሞድ» እንዳይጠፋ፣ ከ2.13 በታች ያሉ ስሪቶችም እንዲለወጡ ያስፈልጋል። ፒክል የማይነካው፣ የቋንቋ ሞዴሎች የሚቀመጡበት የጂጂዩኤፍ ፋይል እንኳ ከዚህ አላመለጠም፤ በ2024 በላማ-ሲፒፒ-ፓይተን ላይ የተገኘው ሲቪኢ-2024-34359 ከሞዴሉ ጋር የሚመጣው የውይይት ቴምፕሌት ጂንጃ በተባለው የቴምፕሌት መሣሪያ ያለ ገደብ ይፈጸም ስለነበር የመጣ ነው።

አጠራጣሪ ፋይል አስቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ

ማሽኑን ከኔትወርክ ማላቀቅ ይቀድማል። ፋይሉን መሰረዝ ምንም አያስተካክልም፤ ይልቁንም ምን እንደሠራ ለማወቅ ስለሚያስፈልግ ቅጂው ሳይከፈት ይቀመጥ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ሲሠራ ሊደርስባቸው ይችል የነበሩትን ቁልፎች ሁሉ፣ የክላውድ ቶከኖችን፣ የኤስኤስኤች ቁልፎችን፣ የዳታቤዝ ይለፍ ቃሎችን፣ የሃጊንግ ፌስና የጊት ቶከኖችን፣ ከሌላ ንጹሕ ማሽን ላይ ሆኖ መሰረዝና በአዲስ መተካት ነው። በዚያው በተጠረጠረው ማሽን ላይ ሆኖ አዲስ ቁልፍ ማውጣት አዲሱንም አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። የክሮን መርሐ ግብር፣ «ኦቶራይዝድ_ኪይስ» የተባለው የኤስኤስኤች ፋይል፣ የሼል ማስጀመሪያ ፋይሎችና ወደ ውጭ የተደረጉ ግንኙነቶች መዝገብ መታየት አለባቸው፤ ምንም ባይገኝም ማሽኑን ከመጀመሪያው መልሶ መትከል ጥርጣሬ ይዞ ከመሥራት ይሻላል።

መከላከያውን በየጊዜው መፈተን

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው፣ ማስተካከያው ወደፊትም በቦታው መኖሩን የሚያረጋግጥ ትንሽ ፈተና መጻፍ ነው። ሜተዱ ጉዳት የሌለውን «ፕሪንት» ብቻ የሚያስጠራ አንድ ክላስ አዘጋጅቶ፣ ፈተናው በሚሠራበት ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ በ«ቶርች.ሴቭ» ማስቀመጥ፣ ከዚያ ፕሮጀክቱ ሞዴል በሚጭንበት በራሱ ፋንክሽን እንዲከፈት ማድረግ ነው። ፈተናው የሚያልፈው «አንፒክሊንግ ኤረር» ሲነሳ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ከታተመ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰው «ፎልስ» ጽፏል፣ ወይም የአካባቢ ተለዋዋጩ ተመልሶ ገብቷል። ይህ ፈተና የተዘነጋ አርጉመንትን እንጂ ሲቪኢ-2025-32434ን ራሱን ስለማይለይ፣ አጠገቡ የቶርች ቨርዥን ከ2.6.0 ያላነሰ መሆኑን የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨመርበት። ሁለቱም በሲአይ ውስጥ ገብተው ኮድ በተቀየረ ቁጥር እንዲሠሩ ይደረግ፤ የኮንቴነር ኢሜጁም በሚገነባበት ጊዜ እዚያው ውስጥ አንድ ጊዜ ይሂዱ፤ አሮጌው ቨርዥን ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚገኘው እዚያ ነውና።